ቢጠፋ ማን ያለቅሳል?

እኔ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። ወዳጆቼ ይህን ሲሉ የሚያመሰግኑኝ እየመሰለኝ ብዙ ዓመት ኮርቻለሁ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን ተረት እያለዘቡ ሲነግሩኝ እንደኖሩ የገባኝ ባለፈው ሰሞን ነው፤ ያውም በአንዲት ወረቀት ምክንያት።

ከሥሩ ልጀምር። የምሠራው እዚሁ ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው። ሥራዬ የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨሮች መጠበቅ ነው። ታቦር ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቼ ግን ይህን ለዓመታት አስረድቻቸው ዛሬም የተበላሸ የቴሌቪዥን ሪሞት ይዘው ይመጣሉ። ተቀብዬ ባትሪውን አወጣና በጥርሴ ነከስ ነከስ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ይሠራል። «የተማረ ሰው እኮ ጥሩ ነው» ይላሉ። በሕይወቴ የተመሰገንኩበት ብቸኛው የሙያ ዘርፍ ይኸው ነው።

ሰርቨሮቻችን አርባ አንድ ናቸው። አርባ አንድ ናቸው ስላችሁ ታዲያ፣ ሄዳችሁ ብትቆጥሯቸው የምታገኙት አንድ ትልቅ የብረት ሣጥን ብቻ ነው። ሰርቨሮቹ በሣጥኑ ውስጥ በሐሳብ የሚኖሩ ናቸው። ግር አይበላችሁ፤ ግቢና ሰርቪስ ቤት አስቡ። ባለ አንድ በር ግቢ ውስጥ አርባ አንድ ተከራይ ይኖራል፤ አንዱ የሠራተኛ መዝገብ ይይዛል፣ አንዱ ደብዳቤ ያመላልሳል፣ አንዱ የመኪና ስምሪት ይመዘግባል። እያንዳንዱ ራሴን የቻልኩ ኮምፒውተር ነኝ ብሎ ያምናል። ግድግዳው ግን በፕሮግራም የተሠራ ነው እንጂ ብሎኬት የለበትም።

ይህን ሁሉ የሚጠብቅ ደግሞ አንድ የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም አለ። እኔ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ የማየው እሱን ነው። ደኅና የሆነው ተከራይ አረንጓዴ ይበራበታል፣ ያመመው ቢጫ፣ የጠፋው ቀይ። ጎበዝ ዘበኛ ነው። ማን እንደተኛ፣ ማንን እንዳተኮሰው፣ ማን ከመጠን በላይ እንደሚበላ ያውቃል። የማያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የትኛው የማን እንደሆነ። ከእኔ በፊት የነበሩት ባለሙያዎች ሰርቨሮቹን የሰየሟቸው አፋቸው ላይ እንደመጣ ነው። «አዲሱ» የሚባል አለ፤ «የድሮው አዲሱ» የሚባል አለ። ከመካከላቸው አንዱ ዓሣ የሚወድ ሰው ነበር መሰል፣ «ቆሮሶ» እና «አምባዛ» ብሎ ሄዷል። «አትንኩት» የሚባልም አለ። ምን እንደሚሠራ ማንም አያውቅም፤ ነክቶት የሚያውቅ የለማ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ኃላፊዬ ሰላማዊት ጠራችኝ። እኩያዬ ናት፤ በአንተና በአንቺ ነው የምንነጋገረው። ባዶ ቦታ የምትወድ ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ ከአንዲት የውኃ ብርጭቆ በቀር ምንም አታገኙም። ሣጥኑ ሞልቷል፣ አዲስ ተከራይ የሚገባበት ቦታ የለም አለችኝ። ስለዚህ እስከ ዓርብ ከሰዓት ለእያንዳንዱ ሰርቨር ባለቤት ፈልጌ በመቆጣጠሪያው ላይ ስሙን እንድጽፍ፣ ባለቤት ያልተገኘለት ግን እንዲሰረዝ ወሰነች። መሰረዝ ማለት ከነዕቃው ነው፤ ተመልሶ አይመጣም።

«የስረዛውን ደብዳቤ ማን ይፈርማል?» አልኳት።

«አንተ ነህ እንጂ» አለች፣ ብርጭቆዋን ወደ ጠረጴዛው መሐል እየገፋች።

ነገሩ የከበደኝ ደረጃውን ስወርድ ነው። በእኔ ፊርማ የአንድ ሰው የዓመታት ሥራ ቢጠፋ፣ ያንን ሰው በየማለዳው እዚሁ ደረጃ ላይ ላገኘው ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንዴት አደርክ እያልኩት። ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ ቆራጥ እሆናለሁ፤ የተፈጥሮ ጉዳይ ነው። በዚያው ዕለት ወደ ቤቴ ስሄድ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ጮክ ብዬ ማልኩ፤ ለአርባ አንዱም ባለቤት ሳላገኝ አንዲት ፊርማ አላኖርም አልኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና «አሜን» አለ።

መቆጣጠሪያው ላይ ጽሑፍ መጨመር ቀላል ነው። ሰርቨሩን ትመርጣላችሁ፤ መለያ ጨምር ትሉታላችሁ፤ ለመለያው ስም ታወጡለታላችሁ፤ ከጎኑ የፈለጋችሁትን ትጽፋላችሁ። የስልክ ቁጥር ብትጽፉ፣ መዝሙር ብትጽፉ፣ ፕሮግራሙ ምን እንደጻፋችሁ አይመረምርም። እኔም ማክሰኞ ጠዋት «ባለቤት» የሚል መለያ ፈጠርኩ። ብልጥ ነኝና በዚያው፣ ሰርቨሩ በታመመ ቁጥር በባለቤትነት ለተጻፈው ሰው በስልኩ መልእክት እንዲሄድለት አደረግሁ። ብልጥነቴ እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር።

የመጀመሪያው ባለቤት የግዥ ክፍሉ አቶ ማቴዎስ ሊሆን ነበር። «ቆሮሶ» የሱ እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ። ስሙን ጻፍኩ። ታዲያ ለካ የመረጥኩት «ቆሮሶ»ን ሳይሆን ሣጥኑን ራሱን፣ ማለትም ግቢውን በሙሉ ኖሯል። ፕሮግራሙም በጨዋ ደንብ፣ ይህ ጽሑፍ በሥሩ ላሉት ሁሉ ይተላለፍ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ኮምፒውተር ሲጠይቀኝ ሳላነብ «አዎ» ማለት ልማዴ ነው፤ የሙያው በሽታ ነው። በአንዲት «አዎ» አቶ ማቴዎስን የአርባ አንድ ሰርቨር ባለቤት አድርጌው ምሳዬን ልበላ ወጣሁ።

በምሳ ሰዓት አብዛኞቹ ሰርቨሮች የየራሳቸውን ቅጂ ስለሚያወጡ በአንድ ጊዜ ይደክማሉ፤ ለአሥር ደቂቃ ያህል ቢጫ ይሆናሉ። አቶ ማቴዎስ ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት በስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ለሠራተኛው ጸሎት ይመራል። ዝግ ያለ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ጸጥ ብለው በቆሙበት ስልኩ ጮኸ፤ «ያመመው የእርስዎ ነው» ይላል መልእክቱ። አጻጻፉ የእኔ ነው፤ ሰውን ላለማስደንገጥ ለስለስ ያለ ቃል መርጬ ነበር። ዘመድ የታመመበት መስሏቸው እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት። ሁለተኛው መጣ፤ ለሁለተኛውም ጸለዩ። እስከ አሥራ ሰባተኛው ድረስ በእምነት ጸንተው እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ግን አንዲት እህት «አቶ ማቴዎስ፣ ስንት ቤተሰብ ነው ያለዎት?» ብላ ጠየቀችው አሉ።

በማግሥቱ ረቡዕ ጠዋት ደብዳቤው ደረሰኝ። «ጉዳዩ፦ ከባለቤትነት እንድሰረዝ ስለመጠየቅ» ይላል። ግልባጭ ለሰው ሀብት፣ ግልባጭ ለሕግ ክፍል፣ ግልባጭ ለኦዲት፣ ግልባጭ ለንብረት ክፍል። በመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በእትዬ አስቴር እጅ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማኅተም አርፎበት ነው የመጣው። እትዬ አስቴር ወደ መሥሪያ ቤቱ ለሚገባውም ለሚወጣውም ወረቀት ሁሉ ቁጥር የሚሰጡ፣ ወደ ጡረታ የተጠጉ ሴት ናቸው። ከከተማው ዳር፣ ከቡሹሎ በኩል እየመጡ ከሁላችንም ቀድመው ይገባሉ። «ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አልተጻፈም» የሚሉት አባባል አላቸው፤ ሥራ አስኪያጁን እንኳ በዚህ መልሰውታል።

የደብዳቤው ወሬ ከደብዳቤው ቀደመ። ረቡዕ ረፋዱ ላይ ወረቀትና እስኪርብቶ ይዤ ክፍል ለክፍል ስዞር፣ ሰው ሁሉ ከወንበሩ እየተነሣ ሽንት ቤት ይሄዳል። ምን እንዳስፈራቸው ያስረዳኝ አንድ የሰው ሀብት ባልደረባዬ ነው። ክሊራንስ ነው የፈሩት። እኛ አገር ሰው መሥሪያ ቤት ሲለቅ በስሙ የተጻፈውን ሁሉ መልሶ ክሊራንስ ካላገኘ መሸኛ አይሰጠውም። በስሙ የተመዘገበች ስቴፕለር ጠፍታበት ሦስት ወር የተጉላላ ሰው እናውቃለን። ስቴፕለር እንኳ ተፈልጎ ይገኛል፤ የሌለ ኮምፒውተር በስምህ ተጽፎ ስትወጣ ምን ይዘህ ታስረክባለህ? የሚሉት እውነት ነበር። እኔም ብሆን እሸሽ ነበር።

ግልባጩ የደረሳቸው የንብረት ክፍሉ ጋሽ ባራሳ ደግሞ አልሸሹም፤ መጡ። በአንድ እጃቸው ቀይ ቀለም፣ በሌላው ብሩሽ ይዘዋል። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ወንበር ይሁን፣ ባልዲ ይሁን፣ በጋሽ ባራሳ ቀይ ቁጥር ያልተጻፈበት ዕቃ የለም። እንዲያውም በግቢያችን የሚንጎራደደውን ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳን፣ ያልቆጠሩት አልቆም ብሏቸው ነው ይባላል።

«ማሽኖቹን አምጣቸው» አሉኝ።

«አይመጡም ጋሽ ባራሳ፤ ሣጥኑ ውስጥ ናቸው።»

«ክፈተዋ።»

«ቢከፈትም አይታዩም።»

ሣጥኑን ዞረው አዩት። ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙት፤ ይጮሃል። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «እንግዲህ የማይታይ ንብረት አስረክበህ የሚታይ ሰው ልታሳስር ነው» አሉ። ወዲያው በሣጥኑ ጎን ላይ ከአንድ እስከ አርባ አንድ በቀይ ቀለም ጽፈው ሄዱ። አሁንም አለ፤ ዝናብ ስለማይነካው ገና ብዙ ዘመን ይኖራል።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይተው ነበር። እኔ ግን ምያለሁ፤ ያውም አሜን የተባለበት መሐላ ነው። መለያውን ከ«ባለቤት» ወደ «የሚመለከተው ክፍል» ለወጥኩት። ሁሉም ደስ ብሏቸው የእኔን ክፍል ጻፉ።

መፍትሔው የመጣልኝ ምሳ ሰዓት ላይ፣ በር ላይ ቆሜ ነው። የአንድ ዕድር ጥሩምባ ነፊ በመንገዱ እያለፈ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ይናገራል። ጥበቃችን ጆሮውን ሰጠ፤ ባለሱቁ ሒሳቡን ትቶ ወጣ፤ አንዲት ሴት ሟቹ የትኛው እንደሆነ ጠይቃ ሳይነገራት ነጠላዋን አዘቀዘቀች። አንድም ሰው «እኔን ምን አገባኝ» አላለም። ኃላፊነት ስትሰጠው የሚሸሽ ሰው ለቅሶ ስትጠራው ይሮጣል። የኔ ሰው እንደዚህ ነው፤ እኔም እንደዚሁ ነኝ። ሮጬ ወደ ፎቅ ወጣሁና መለያውን አጥፍቼ በምትኩ አዲስ ጻፍኩ፤ «ቢጠፋ ማን ያለቅሳል?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ። ጠዋት ሲሸሹኝ ያረፈዱት ከሰዓት እየተከተሉ ያስጽፉኝ ጀመር። የሕግ ክፍሉ ሰው ብቻ ቀስ ብሎ፣ ለቅሶ ክሊራንስ አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ የለውም አልኩት፤ ሁለት አስጻፈ። በ«አትንኩት» ላይ ሰው ሀብትና ስምሪት ተጣሉ፤ ሁለቱም እኔ ነኝ የማለቅሰው ባዮች ሆኑ። ምን እንደሆነ የሚያውቅ ግን ከሁለቱም አልነበረም። አቶ ማቴዎስ ሳይቀር ይቅር ብሎኝ ለ«ቆሮሶ» አልቃሽ ሆነ፤ ከስሙ ጎን «ከአንጀት» ብለህ ጨምርልኝ አለ። ጨመርኩለት፤ ፕሮግራሙ አይመረምርም ብያችኋለሁ። መሥሪያ ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት አርባው ሰርቨር ሁሉ አልቃሽ አገኘ።

አንዱ ቀረ። ስሙ «ሙከራ ሁለት» ነው። «ሙከራ አንድ» የሚባል የለም። ትንሽ ነው፤ አይታመምም፣ ብዙ አይበላም፣ ድምፁ አይሰማም። ከመሬት እስከ ሦስተኛ ፎቅ ዞሬ ስሙን ብጠራ ማንም የእኔ ነው፣ የእገሌ ነው የሚል ጠፋ። መዝገብ ቤትም ብቅ ብዬ እትዬ አስቴርን ጠይቄያቸዋለሁ፤ «እኔ ልጄ፣ ከደብዳቤ በቀር ምን አውቃለሁ» ብለውኛል።

የሙያ ወዳጆቼ እንዲህ ሲያጋጥም አንድ ዘዴ አላቸው። ሰርቨሩን አትሰርዘውም፤ ለጊዜው ታጠፋውና የሚጮህ ሰው ትጠብቃለህ። የጮኸው ሰው ባለቤቱ ነው። ሐሙስ ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ላይ «ሙከራ ሁለት»ን አጠፋሁት። ቀዩ መብራት በራ። ስልኬን ፊት ለፊቴ አድርጌ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር መጡ እላለሁ፤ ያልፋሉ። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ በሩን ሲያንገጫግጨው ሁለት ጊዜ «ይግቡ» ብያለሁ። ማንም አልመጣም። ማንም አልጮኸም። በበኩሌ እፎይ አልኩ። ዓለም ላይ አንድም ሰው የማይፈልገው ነገር ማጥፋት ማንን ይጎዳል?

ዓርብ ጠዋት የስረዛውን ደብዳቤ አሳምሬ ጻፍኩ። ፈረምኩበት። ሰላማዊት ከማጽደቋ በፊት ቁጥር ሊወጣለት ስለሚገባ ይዤው ወደ መዝገብ ቤት ወረድኩ።

የእትዬ አስቴር ጠረጴዛ ላይ እንደወትሮው አንድና ሁለት ወረቀት ሳይሆን ክምር አገኘሁ። የሐሙስ ደብዳቤ፣ የዓርብ ደብዳቤ፣ ሁሉም ቁጥር ሳያገኝ ተደርድሯል። እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ደብዳቤዬን ተቀበሉኝና ወደ ፊታቸው አስጠጉት፤ አራቁት፤ እንደገና አስጠጉት። ከዚያ መልሰው ሰጡኝ።

«አንብብልኝ ልጄ» አሉ።

ቆሜ አነበብኩላቸው። «ባለቤት ያልቀረበለት፣ ለአንድ ቀን ሙሉ ቢጠፋም የጠየቀው ሰው ያልተገኘ በመሆኑ፣ መኖሩ ለማንም የማይጠቅም ስለሆነ» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌያለሁ፤ የምወደው አንቀጽ ነበር። እትዬ አስቴር ራሳቸውን ነቀነቁ። መልካም አጻጻፍ ነው አሉኝ። ከዚያ ወደ መዝገቡ እየጠቆሙ «ቁጥሩን እስቲ አንተው ጻፈው፤ የእኔ ዓይን አልቋል» አሉ።

«መቼ?»

«ትናንትና ጠዋት። ኮምፒውተሩን ስከፍት ፊደሉ ሁሉ ጤፍ ሆነብኝ። ሐኪሙ ማየት የማልችልበት አንድ ቀን ይመጣል ብሎኝ ነበር፤ ቀኑ ደረሰ አልኩ።»

ከመሳቢያቸው አንድ ወረቀት አወጡ። በእጅ የተጻፈ ነው፤ ፊደሉ ትልልቅ፣ መስመሩ ወደ ታች ያዘነበለ። ስሕተት ካለው እይልኝ ብለው ሰጡኝ። የጡረታ ጊዜያቸው ሳይደርስ በዓይናቸው ምክንያት ሥራ ለመልቀቅ የጻፉት ማመልከቻ ነበር። ስሕተት የለበትም። አንድም ቦታ ማንንም አይወቅስም። ለእስካሁኑ አመስግነው ነው የጨረሱት።

ከወረቀቱ ቀና ስል ዓይኔ ኮምፒውተራቸው ላይ አረፈ። የመዝገብ ቤቱ ተራ ገጽ ነው የተከፈተው፤ እኔ እንኳ ጎንበስ ካላልኩ የማላነበው ጥቃቅን ፊደል። ለምን ይህ ገጽ? የእሳቸው እኮ ትልቁ ገጽ ነው፤ አንድ መስመር ስክሪኑን የሚሞላው፣ እኔ የሠራሁላቸው... 

እዚህ ላይ ትዝ አለኝ። ወደዚህ መሥሪያ ቤት በመጣሁ በወሩ፣ እትዬ አስቴር በአጉሊ መነጽር ደብዳቤ ሲመዘግቡ አይቼ አዘንኩና፣ በአንድ ከሰዓት ደብዳቤውን ሁሉ በኮምፒውተር አጉልቶ የሚያሳይ ገጽ ሠራሁላቸው። የመጀመሪያው ሙከራ አልሠራም፤ አጠፋሁት። ሁለተኛው ሠራ። «ለሙከራ ነው እትዬ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በደንብ አድርጌ እሠራልዎታለሁ» አልኳቸው። የሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ዓመት ሆኖታል። እሳቸው በየቀኑ ሲሠሩበት እኔ ረስቼዋለሁ። ይባስ ብሎ፣ ምናልባት ትልቁ ገጽ ከጠፋ ሥራ እንዳይስተጓጎል ወደ ትንሹ ገጽ እንዲያሻግራቸው ያደረግሁትም እኔው ነኝ። ስለዚህ ምንም የስሕተት ጽሑፍ አልወጣም። ፊደሉ ብቻ በአንድ ጠዋት ጤፍ ሆነ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ፤ ለአርባ ሰርቨር አልቃሽ ስፈልግ የራሴን ገድዬ ቁጭ ብያለሁ።

«እትዬ፣ ዓይንዎ አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

ትርጉሙ እስኪገባቸው አልቆየሁም። ደረጃውን በሁለት በሁለት ወጣሁት። «ሙከራ ሁለት»ን አስነሣሁት። ሰርቨር ሲነሣ ጊዜ ይወስዳል፤ ቀይ ነበረ፣ ቢጫ ሆነ፣ ቢጫው ላይ ቆመ። እስከዚያች ቀን ድረስ ለማሽን ጸልዬ አላውቅም፤ በአቶ ማቴዎስ ጉባኤ ስቄያለሁና ይቅር ይበሉኝ። አረንጓዴ ሆነ። ተመልሼ ወረድኩ።

እትዬ አስቴር ከኮምፒውተራቸው ፊት ነበሩ። ስክሪኑን የሞላው ፊደል ከበሩ ሆኜ ይታየኛል። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቃል በቃል፣ ያነባሉ፤ «ጉዳዩ፦ ከባለቤትነት እንድሰረዝ ስለመጠየቅ።» አነበቡና መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ዓይናቸውንም ጠረጉ። አፈርኩ። እንደዚያች ቀን አፍሬ አላውቅም።

«አንድ ቀን ሙሉ ለምን ዝም አሉ? ምናለ ጮኸው ቢጠሩኝ» አልኳቸው።

«ዓይኔ ነው ብዬ ለማን ልጩህ?»

ማመልከቻቸውን ከፊቴ አንሥተው ለሁለት አጠፉትና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ቁጥር አልሰጠሁትም፣ አልተጻፈም አሉ። ቀጥሎ የእኔን፣ ያንን ያማረ አንቀጽ ያለበትን አንሥተው ያዙት።

«ይህስ? ቁጥር ልስጠው?»

«አይ እትዬ።»

«እንግዲያው አልጻፍከውም» አሉና መለሱልኝ። የሐሙስን ክምር ወደ ራሳቸው ሳቡና ቁጥር መስጠት ጀመሩ።

ከሰዓት በኋላ መቆጣጠሪያው ፊት ተቀመጥኩ። ያጠፋሁትን የ«ባለቤት» መለያ ለ«ሙከራ ሁለት» ብቻ መለስኩለት። ስሜን ልጽፍ እጄን ሳነሣ፣ እመኑኝ፣ ክሊራንስ ትዝ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ የሳቅኩባቸው ሰዎች ሁሉ ከኋላዬ ቆመው የሚያዩኝ መሰለኝ። ጻፍኩት። ወሬው በምን እንደደረሳቸው አላውቅም፣ ጋሽ ባራሳ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የንብረት መረከቢያውን ቅጽ ይዘው መጡ። የማይታይ ኮምፒውተር፣ አንድ፣ ሁኔታው ደኅና የሚል ሞልተውታል። ፈረምኩላቸው። እንግዲህ ይህን መሥሪያ ቤት የምለቅበት መንገድ ያለ አይመስለኝም።

ሰላማዊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦታውን ከየት ልታመጣልኝ ነው አለችኝ። የዓመታዊ ስብሰባችን ቪዲዮ በስድስት ቦታ ተቀድቶ አግኝቼ አምስቱን እንዳጠፋሁ፣ ሣጥኑም እንደተነፈሰ ነገርኳት። እስካሁን ያለቀሰ የለም።

ከዚያ ከኋላዬ ቆማ የምጽፈውን ማየት ጀመረች። «ቢጠፋ ማን ያለቅሳል?» በሚለው ላይ የእትዬ አስቴርን ስም ልጽፍ ብዬ ተውኩት፤ ውሸት ይሆንብኝ ነበር። ያ ሁሉ ሰው አለቅሳለሁ ብሎ ሲያስጽፍ የጠፋባቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ያን ጊዜ አላለቀሱም። መለያዬ የማያገኛቸው ሰዎች አሉ። ስለዚህ ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ባለሙያ አንድ ሌላ ጨመርኩ። የመለያው ስም «ከማጥፋትህ በፊት» ነው።

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት የሰርቨር መረጃ ነው?» አለች ሰላማዊት።

ፕሮግራሙ ምን እንደምንጽፍ አይመረምርም አልኳትና ጨረስኩት፤ «መዝገብ ቤት ውረድ። እትዬ አስቴር ጮኸው አይነግሩህም። ደብዳቤ አስነብባቸው።»